ዲስክ ተቀየረ፣ ኩሽኔታ ታጠበ፦ የጋራዥ አስተያየቴ

ለእረፍት አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ በረራ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ዘንድሮ ከሁሉም በላይ የተመላለስኩት ጋራዥ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። የወንድሜ ፒክአፕ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ከፊት በኩል እንደ ጩኸት የሚቆጠር ጉምጉምታ ያሰማል። የፊት ዲስኮቹን (ፍሬን ሲያዝ የሚጨመቁትን ክብ ብረቶች) አስቀየርን፣ ኩሽኔታዎቹንም (ጎማው ሳይፋጭ እንዲሽከረከር የሚያደርጉትን) አስፈተሽን። አገልግሎት የሰጡን መለዋወጫ ሻጩ፣ ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤቱና መካኒኩ ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ማመስገንም ማማትም አይቻልም።

ከመካኒኩ ልጀምር። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ክሪክ ሳያስነሱ በፊት ቁልፉን ተቀብለው ራሳቸው ነዱት። ወደ ግራ ሲታጠፉ ድምፁ ጨመረ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ቀነሰ። «የቀኙ ነው» አሉ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል፤ የተበላ ኩሽኔታም ብሶቱን የሚያሰማው ያኔ ነው። ተመልሰን መኪናው ከተነሳ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ከሩቅ አይቶ «ይቀየር» የሚል መካኒክ ብዙ ስላለ፣ እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ።

ወንድሜ ዲስኩን ቶርኖ ማስላጥ ይበቃል ባይ ነበር። ያስኬዳል፣ ግን ወሰን አለው። ዲስክ ከስንት ሚሊሜትር በታች ሊሳሳ እንደማይገባ ራሱ ላይ ተቀርጾ ይመጣል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስታነሱት ቁጥሩ ይታያል። የቶርኖ ባለሙያው ያንን ቁጥር ፈልጎ አነበበ፤ ከዚያ በማይክሮሜትር ዙሪያውን ቦታ እየቀያየረ ለካ። በተራ ካሊብሮ (ተንሸራታች መለኪያ) አልለካም። ያረጀ ዲስክ ጠርዙ ላይ ሸራው (ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ክፍል) የማይነካው ከፍ ያለ ከንፈር ስለሚኖረው፣ ካሊብሮው እሱ ላይ አርፎ ዲስኩን ወፍራም ያስመስለዋል። ልኬቱን ጨርሶ «ይህን ብልጠው ከወሰኑ በታች ይወርዳል፣ አልሠራም» ብሎ መለሰን። ገንዘብ ይዞ የመጣን ደንበኛ አልሠራም ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም። የሳሳ ዲስክ ሙቀት መሸከም አይችልም፤ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ ሲወርድ ነው ጉዱ የሚታየው።

በነገራችን ላይ፣ ፍሬን ሲያዝ መሪ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ ነገር የለም። የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ልዩነት እንኳ እግር ላይ ሊሰማ ይችላል።

መለዋወጫ ሻጩ ጋ ነው የከፋኝ። ስንት ዲስክ እንደምንፈልግ ሳንጨርስ «አንዱ ይበቃችኋል፣ ሌላው ደህና ነው» አለ። መኪናውን አላየም! ዲስክ በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው፤ ሸራውም እንደዚያው። አለዚያ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ይይዝና መኪናው ወደ ጎን ይስባል። ኩሽኔታውንም ያለ ውጪ ቀለበቱ ሊሸጥልን ሞከረ። በዚህ ዓይነት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ማዕከል) ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ሾጣጣ ሮለር ያለው ነው፤ ሄንሪ ቲምከን በ1898 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ዓይነት። ሮለሩና የሚሽከረከርበት ቀለበት አብረው ነው የሚያረጁት፣ አብረው ነው የሚቀየሩት። አዲሱን በተቦረቦረ ቀለበት ላይ ብትጭኑት ብዙም ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። ሌላ ሱቅ ሄደን ሙሉውን ገዛን።

ዲስክና ኩሽኔታ በአንድ ቀን የተሠሩት በአጋጣሚ አይደለም። በብዙ የቆዩ ፒክአፖች ላይ ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ በብሎን የታሰረ ነው። እሱን ለማውጣት ሞዞው መውጣት አለበት፤ ሞዞው ከወጣ ደግሞ ኩሽኔታውን ሳያጥቡ መመለስ ስንፍና ነው። እኔ በምኖርበት አገር አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ኩሽኔታው የታሸገ ነው፤ አይታጠብም፣ ሲበላሽ ሙሉው ወጥቶ ይጣላል። ስለዚህ ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራ ሰው ማየት ናፍቆኝ ነበር።

አየሁም። አሮጌው ግራሶ ተጠርጎ ኩሽኔታዎቹ በናፍጣ ታጠቡ። ረዳቱ ለማድረቅ ብሎ አንዱን በኮምፕሬሰር ነፋስ ሊያሽከረክረው ሲል መካኒኩ ጋሼ ከወዲያ ጮኹበት፦ «አታዙረው! ተበትኖ ዓይንህን ያጠፋሃል!» እውነታቸውን ነው፤ ያለ ቅባት በዚያ ፍጥነት የዞረ ኩሽኔታ ራሱም ይጎዳል። ከደረቀ በኋላ ብርሃን ላይ እያዞሩ አሳዩኝ። የግራው ገጽ ጥርት ያለ ነው። የቀኙ የውስጠኛ ኩሽኔታ ሮለሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ቀለበቱም አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሙቀት የመታው ምልክት ነው። እሱ ተቀየረ፣ የቀሩት ግራሶ ተሞልተው ተመለሱ።

ግራሶ አሞላላቸው ደግሞ ለብቻው ይወራል። በግራ መዳፋቸው ላይ አንድ ጉብታ ያህል ያኖራሉ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን በግራሶው ጠርዝ ላይ ይጫኑታል፣ ትንሽ ያዞሩታል፣ እንደገና ይጫኑታል። በጠባቡ ጎን በሮለሮቹ መሃል ብቅ እስኪል ድረስ አይተዉትም። ላይ ላዩን መቀባት ዋጋ የለውም፤ ቅባቱ መግባት ያለበት ውስጥ ነው። ፓራሊዮውም (ግራሶው እንዳይወጣ የሚያሽገው) አዲስ ገባ። አሮጌው ከወጣ በኋላ ተመልሶ አያሽግም፤ ግራሶው ሾልኮ ሸራው ላይ ከደረሰ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ሞዞውን የሚይዘው ዳዶ። ሞዞውን በአንድ እጅ እያሽከረከሩ ጠበቅ አደረጉት፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ። መልሰው አላሉት። በመጨረሻ ቀስ ብለው እንደገና አጠበቁና ጎማውን ወዘወዙ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ከላላ ደግሞ ጎማው ይዋዥቃል። ማቆለፊያ ሽቦውም አዲስ ነው፤ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ብሎ ነገር እሳቸው ጋ አይሠራም።

ዲስኩ ከመታሰሩ በፊት የሞዞውን ፊት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ አሹት። እዚያ ላይ የቀረች የዝገት ቅርፊት አዲሱን ዲስክ እያወላገደች ታዞረዋለች፤ ያ መንቀጥቀጥ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ዲስኩ ሲመረት እንዳይዝግ የሚቀባውን ዘይትም አጠቡት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ረዳቱ የፍሬን አቧራውን በኮምፕሬሰር ነፋው። ግቢው ሁሉ ጠቆረ። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል ይህ አቧራ የሚታጠብ እንጂ የሚነፋ አይደለም። ማስክ ያደረገ ሰውም አላየሁም። ካሊፐሩንም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) በፍሬን ዘይቱ የጎማ ቱቦ አንጠልጥሎት ነበር። ጋሼ ሳይናገሩ ሄደው በሽቦ አሰሩት፤ ቱቦው ያን ሁሉ ክብደት ከተሸከመ ውስጡ ይሰነጠቃል።

ሌላው የጎማ ዳዶ ነው። በተሻጋሪ ተራ ማጥበቃቸው ጥሩ። ግን የመጨረሻው ማጥበቂያ የረዳቱ እግር ነው፤ መፍቻው ላይ ቆሞ ዘለለበት። ጉልበት የሚለካ መፍቻ ጋራዡ ውስጥ የለም። አንዱ ዳዶ ከሌላው በጣም ሲጠብቅ አዲሱ ዲስክ ራሱ ሊወላገድ ይችላል። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጎ በመጨረሻው ደቂቃ በእግር መጨረስ አናደደኝ።

ሲያስረክቡን ስለ አዲስ ሸራ አያያዝም የነገረን የለም። ከመነሳታችን በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩት፤ የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው የሚሆነው። ከዚያ ገላጣ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ ሳላቆም፣ እያረፍኩ ደጋግሜ ቀነስኩ። ሸራውና ዲስኩ የሚላመዱት እንዲህ ነው። ሲግል ፔዳሉን ረግጦ መቆም ግን አይመከርም፣ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል።

መንቀጥቀጡ ጠፍቷል፣ ጉምጉምታውም የለም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳን በኋላ ዳዶዎቹን ደግመን ስንፈትሽ ሁለቱ ትንሽ ዞሩ። የኋላው ፍሬን ተራው ሲደርስም እሳቸው ጋ ነው የምንወስደው። የሚለካውን መፍቻ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ እመጣለሁ።