እራት በሰው ቤት ወይስ ጣና ዳር? ከወይን ጋር ለምትበሉ

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ሲመጣብኝ ሁለት ቦታ ነው የሚታየኝ። አንዱ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ነው። ሌላው በስልክ ቀድሞ የሚታዘዝ፣ በሰው ሳሎን የሚበላ፣ ለየምግቡ ወይን ተመርጦ የሚቀዳበት እራት ነው። ሁለቱም ጋ ደጋግሜ በልቻለሁ።

ዶሮ ወጥ ካማራችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። የሽንኩርቱ ቁሌት ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ሆቴል ለአንድ ጠረጴዛ ብሎ ያን ያህል ድስት ላይ አይቆምም። ለዓሣ ግን ሐይቁን የሚያህል የለም። ቀረሶው ከነአጥንቱ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርጎ ይጠበስና ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይመጣል። ሳይጠበስ አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው።

ወይኑ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት። ሆቴሉም ቤቱም የሚያቀርቡት ጠርሙስ ያው የአዋሽ ወይን ፋብሪካና የዝዋዩ ካስቴል ነው። ሆቴል ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ቤት ውስጥ የምትመርጠው ወጡን የሠራችው ሴት ናት። አንድ ማታ ባለቤቲቱ ሁለት ብርጭቆ አጠገቤ አስቀመጡ። አንዱ ጉደር፣ ደረቁ (ስኳር የማይሰማበት) ቀይ፤ አንዱ አክሱሚት፣ ጣፋጩ ቀይ። «በል ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ዋጥና መጀመሪያ ይሄን ቅመስ» አሉኝ። ጉደሩ በርበሬውን አቀጣጠለው። አክሱሚቱ ሲከተል አፌ በረድ አለ። ደረቅ ቀይ ወይን መጣጣነቱም አልኮሉም ቃጠሎን ያባብሳል፤ ጣፋጩ ያበርዳል። ጉደሩን ለጥብስ አስቀሩት፣ እዚያ ጋ ቦታውን አገኘ። እኔ ለዓመታት ዶሮ ወጥን በደረቅ ቀይ ስበላ ኖሬ በርበሬውን ነበር የማማው።

ሆቴል ከሆናችሁ ለተጠበሰ ዓሣ ደረቅ ነጭ እዘዙ። ክሪስታል ወይም የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ከሎሚው ጋር ይሄዳል። ቀይ ካዘዛችሁ ግን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባልኝ በሉ። ከባሕር ዳር ከሰዓት ሙቀት መደርደሪያ ላይ የወረደ ቀይ ወይን ለብ ብሎ ነው የሚመጣ። በብርጭቆ ከሆነም መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ። አንድ ቦታ አቼቶ የሆነ ወይን ቀርቦልኝ፣ አስተናጋጁ «ጣዕሙ እንዲህ ነው» ብሎ ተከራክሮኛል።

ሂሳብ ላይ ተጠንቀቁ። ሆቴል ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ዋጋ ይነገራችኋል፣ ቀብድም ትከፍላላችሁ። ስንት ብርጭቆ እንደሚያካትት፣ ሲደገም ይታሰብ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የራሳችሁን ጠርሙስ ይዛችሁ ብትሄዱ ቤት ብዙም አይከፋቸውም፤ ሆቴል የመክፈቻ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

ቤቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሐይቅ አይታይም። ሐሳብ ቀይሮ ሌላ ማዘዝ የለም። ጉርሻ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ተነስቶ መሄድም እንደዚያው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ስትደውሉ ጾመኛ መኖሩን ተናገሩ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚህ ከተማ አያልቅምና ይህንንም ግልጽ አድርጉ።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ቢምቢ አለ፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ያዙ። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ታንኳ ከፊታችሁ ሲያልፍ ወይኑ ለብ ማለቱንም ትረሱታላችሁ።

ለፍቅረኛሞች ጣና ዳርን እመርጣለሁ፤ ሳሎን ውስጥ ባለቤቲቱ እያዩ ማውራት ይከብዳል። አራት አምስት ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ቤቱ። እንግዳዬ ሁለት ሌሊት ካደረ የመጀመሪያውን ዓሣ፣ የሁለተኛውን ዶሮ አደርገዋለሁ። ዶሮዋን የምናዝዘው ዓሣውን እየበላን ነው፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆነን እንደውላለን።