«ማንኛውንም ክላስ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ እንዳትከፍሉ

ፓይተንን ከጃቫ ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ በገንዘብ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱ። እኔ የዓመት ላይሰንስ ከፍዬ ነው የነቃሁት።

ማስታወቂያው «ማንኛውንም የጃቫ ክላስ ፕሮግራሙ እየሠራ ጫን፣ ከፓይተን ጥራ» ይላል (ክላስ የጃቫ ፕሮግራም የሚገነባበት የኮድ ክፍል ነው)። ዴሞው በሁለት መስመር ኮድ ቁጭ! ልብ ያላልኩት፣ ዴሞው የሚጠራው ክላስ ጄቪኤሙ (የጃቫን ኮድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሲነሳ ጀምሮ ክላስፓዝ (ክላስ የሚፈለግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ እንደነበረ ነው። እሱማ ምን ያቅተዋል? የእኛ ሥራ ግን ፕለጊን ነው፤ ክላሶቹ የታሸጉበት ጃር ፋይል የሚመጣው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ነው። በራሳችን ክላስ ሎደር (ክላስ ፈልጎ የሚጭን የጃቫ ክፍል) ጫንነው፤ ከጃቫ ስንጠራው ይሠራል፣ ከፓይተን ስንጠራው «ክላሱ አልተገኘም»። ጄኤንአይ (ጃቫ ከሌላ ቋንቋ ኮድ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) የፓኬጅ ስም የሚለየው በነጥብ ሳይሆን በእዝባር ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ነጥብና እዝባር ስቀያይር ከረምኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላይብረሪው ክላስ የሚፈልገው ፋይንድክላስ በሚባለው የጄኤንአይ ትእዛዝ ብቻ ነው። ፋይንድክላስ ደግሞ ከጃቫ ውጭ ከተነሳ ትሬድ (የሥራ ክር) ሲጠራ የሚያየው የሲስተሙን ክላስ ሎደር እንጂ እናንተ የፈጠራችሁትን አይደለም። መላው ቀላል ነበር፤ የእናንተን ሎደር ይዞ ሎድክላስ የሚባለውን የእሱን ትእዛዝ መጥራት። ይህን ለሻጩ ጻፍኩ። መልሱ «የራስ ክላስ ሎደር የሚደገፈው በኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ ነው» የሚል ሆነ። «ማንኛውንም» የምትለዋ ቃል ላይ ኮከብ እንኳ አልነበረባትም! ገንዘቤን መልሱልኝ ስል የሙከራ ጊዜው አልፏል ተባልኩ።

ስለዚህ በሙከራው ጊዜ ዴሞውን ተዉትና ጄቪኤሙ ከተነሳ በኋላ ያዘጋጃችሁትን ጃር አስገቡ። ያንኑ ጃር በሁለት ሎደር ጭናችሁ አንዱን ኦብጀክት ለሌላው አቀብሉ። ስማቸው አንድ ቢሆንም ለጄቪኤሙ ሁለት ክላሶች ናቸውና ስህተቱ «እገሌ ወደ እገሌ አይቀየርም» ብሎ ያንኑ ስም ሁለቴ መጻፍ አለበት፤ ላይብረሪው ይህን መልእክት ውጦ ዝም ካለ አትግዙት።

ነጻ አማራጮችም አሉ፤ ፓይፎርጄና ጄፓይፕ የሚባሉ ላይብረሪዎች። ፓይፎርጄ በሶኬት ስለሚነጋገር እያንዳንዱ ጥሪ ይዘገያል፤ ግን ጄቪኤሙ ሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆነ ሲወድቅ ፓይተኑን ይዞ አይወድቅም። ጄፓይፕ በጄኤንአይ ስለሚሠራ ይፈጥናል፤ ጄቪኤሙን አንዴ ከዘጋችሁት ግን እዚያው ፕሮሰስ ውስጥ መልሳችሁ አታስነሱትም። እኔ ጄፓይፕን መርጬ ሎድክላስን በራሴ ሎደር ጠራሁ፤ ያው ጃር በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። የከፈልኩበት ላይሰንስ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።