ፎርም 940 እና ኢኤፍቲፒኤስ፦ የሥራ አጥ መድን ግብር አከፋፈል ሲገመገም

አሜሪካ ውስጥ ሬስቶራንት ወይም ገበያ ከፍቶ ሰው የቀጠረ ሁሉ ፎርም 940ን ማወቅ አለበት። የፌዴራል የሥራ አጥ መድን ግብር ሪፖርት የሚደረገው በዚሁ ነው። ፎርሙ በደንብ የተሠራ ነው፤ የመክፈያው መንገድ፣ ኢኤፍቲፒኤስ የተባለው የፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግብር መክፈያ፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመቱ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ደመወዝ ላይ 6 በመቶ ይታሰባል። የስቴቱን የሥራ አጥ መድን መዋጮ በጊዜው ለከፈለ ቀጣሪ እስከ 5.4 በመቶ ክሬዲት (ከግብሩ የሚቀነስ ሂሳብ) ይያዝለታል፤ የሚቀረው በሰው 42 ዶላር ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ፈጽሞ አይቆረጥም።

ይህ ክሬዲት ነው እ.ኤ.አ. በ1937 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰው። የአላባማው ስቱዋርድ ማሽን ኩባንያ የከፈለው 46.14 ዶላር እንዲመለስለት ከሰሰ። የግብሩ 90 በመቶ የሚቀነሰው ስቴቱ የሥራ አጥ ሕግ ሲያወጣ ስለሆነ ስቴቶችን ማስገደድ ነው፣ ሕገ መንግሥቱንም ይጥሳል አለ። ሜይ 24 ቀን በ5 ለ 4 ድምፅ ተረታ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ካርዶዞ ማበረታቻን ከማስገደድ ለዩት። ትክክል ናቸው፦ ስቴት ብቻውን መዋጮ ቢጥል ቀጣሪዎቹ ከጎረቤት ስቴት ተፎካካሪዎቻቸው ይጎዱ ነበር።

ዛሬም 5.4 የ6 ዘጠና በመቶ ነው፤ ችግር የሚፈጠረውም እዚያው ላይ ነው። የስቴቱ መዋጮ ከፎርሙ ቀነ ገደብ፣ ከጃንዋሪ 31 ካለፈ፣ ዘግይቶ በተከፈለው ላይ የሚገኘው ክሬዲት በጊዜው ቢከፈል ይገኝ ከነበረው ወደ 90 በመቶው ይወርዳል። ስቴቱ ራሱ ከፌዴራል ተበድሮ ካልመለሰም ክሬዲቱ ይቀነሳል። ካሊፎርኒያ በ2022 0.3፣ በ2023 0.6፣ በ2024 0.9 በመቶ ተቀንሶባታል፤ ስለዚህ በ2024 የአንድ ሠራተኛ ሂሳብ ከ42 ወደ 105 ዶላር ወጣ። ጭማሪው የሚከፈለው ከአራተኛው ሩብ ዓመት ጋር ስለሆነ ገንዘቡን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

ዕዳው ከ500 ዶላር ካለፈ በየሩብ ዓመቱ መክፈል ግድ ነው። በ42 ዶላር ሂሳብ 12 ሠራተኛ ይህን ያልፋል። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት ሬስቶራንት ግን ስድስት ሰው ብቻ እያሠራም ሊያልፈው ይችላል፤ አዲስ የገባው ሁሉ የራሱን 7,000 ከዜሮ ይጀምራልና። ተመዝግቦ የቀረበ ጉርሻም ደመወዝ ውስጥ ይገባል።

ኢኤፍቲፒኤስ ነፃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣል። ድክመቱ ሰዓቱ ነው፦ ክፍያው ከቀነ ገደቡ በፊት ባለው ቀን በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት (8 p.m.) ካልተያዘ እንደ ዘገየ ይቆጠራል። ምዝገባውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ሱቁ በአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጅ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚከፈል ደመወዝ ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ኮርፖሬሽን ከሆነ ግን አይደለም።