ደብረ ብርሃን ላይ የወሰድኩት የአለቆች ስልጠና፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ባለፈው ወር ስለ አለቆች ሥልጣንና ተሰሚነት የሁለት ቀን ስልጠና ወስጄ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው የመጡ ልጆች ናቸው፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ግን አልጠየቁም መሰለኝ፤ አዳራሹ በረዶ ቤት ነው፣ ግማሻችን ጋቢ ለብሰን ነው የተማርነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል የተባለው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ።

እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን ሁሉም «ሹመት ያዳብር» አለኝ። በሳምንቱ እሑድ ኦቨርታይም ግቡ ብላቸው ከአሥራ አራቱ ሦስት ሰው መጣ። ከኪሴ ከፍዬ የሄድኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ፍሬንችና ሬቨን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጣን ምንጮችን አምስት ብለዋቸዋል፦ ወንበሩ ራሱ፣ መሸለም መቻል፣ መቅጣት መቻል፣ ሙያ፣ እና ሰው ወዶህና አክብሮህ መከተሉ። ሬቨን በ1965 መረጃን ስድስተኛ አድርጎ ጨመረበት። ይሄን ማንም ያነበንበዋል፣ አሰልጣኙ ግን አንድ ነገር አሠራን፤ ባለፈው ሳምንት የሰጣችሁትን ትእዛዝ ሁሉ ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሰዎቹ ለምን እሺ እንዳሉ ጻፉ አለ። እኔ ዘጠኝ ጻፍኩ። ስድስቱ ጎን «ስለፈሩ» የሚል ነው ያለው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው አላሳየሁም።

ቅጣት ላይ ሲደርስ ግን አለቃ እንዳሻው የሚያባርር አስመሰለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ዘርዝሮ አስቀምጧል፣ ደስ አላለኝም ብሎ ማባረር የለም። ይሄ ሳይነሳ መታለፍ አልነበረበትም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኛ ጋ አንድ የቦይለር ቴክኒሻን አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ማዕረግ የላቸውም፣ ወንበራቸው የተገለበጠ የቀለም በርሜል ነው። ማቅለሚያው እንፋሎት ሲያጥረው መጥተው ቧንቧውን በጨርቅ ይዘው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከፎቅ ወርዶ «ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» ይላል። የሳቸው ሥልጣን ከየት ነው ብዬ አሰልጣኙን ጠየቅሁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ።

መልስ ጠፍቶ እኮ አይደለም። ፈረንሳዊው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ሚሼል ክሮዚየር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት የፈረንሳይ መንግሥት የትምባሆ ፋብሪካዎችን አይቷል። እዚያ ሁሉም ነገር በሕግና በመመሪያ የታሰረ ነው፣ ከማሽን ብልሽት በቀር። እሱን የሚያውቁት ጠጋኞቹ ብቻ ስለነበሩ በወረቀት የማይታይ ሥልጣን እጃቸው ገባ፣ ሙያውንም ለሌላ አያሳዩም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አለቃ ተወርቶ አለቃው ራሱ የሚለምነው ሰው ካልተነሳ ምኑን ተማርነው?

ተመልሼ የእሑዱን ፕሮግራም ከመለጠፌ በፊት ጋሼን አማከርኳቸው። «ከልጆችህ ሁለቱ ሰንበቴ አለባቸው፣ ከሰዓት አድርግላቸው» አሉኝ። በዚያ እሑድ ዘጠኝ ሰው ገባ። ሻይና ዳቦም ስላዘዝኩ የቱ እንደሠራ እንጃ።

አዲስ የተሾማችሁ ከሆናችሁ ለዚያች መልመጃ ስትሉ ሂዱ፣ ዓመታት የመራችሁ ግን ብራችሁን አታውጡ። ስላይዱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። የምሳው ሽሮ ምንም አይወጣለትም። የምስክር ወረቀቴ ላይ የአባቴን ስም አበላሽተውታል፣ በደወልኩ ቁጥር «ነገ እንልካለን» ይሉኛል፣ እስካሁን አልመጣም። ከሄዳችሁ ጋቢ ያዙ።