ቀይ ትል፣ የመሬት ትል፣ የሰም ትል ወይስ የዝንብ እጭ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ዓሣ ለማጥመድ ለሚወጣ ሰው የሕያው ማባበያ ንጽጽር

መንጠቆ፣ ናይለን ክርና ሸምበቆ ያዘጋጀ ሰው ቀጥሎ የሚቸገረው በማባበያ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ ደርሶ፣ ወይም አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቡሹን ሲያይ የዋለ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመንጠቆው አይደለም። የሰቀለው ነገር ከሚፈልገው ዓሣ ጋር አልተስማማም ማለት ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል አንድ ማባበያ ብቻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ቀይ ትል ይግዛ። አምባዛ ብቻ ለሚፈልግ ግን ወፍራሙ የመሬት ትል ይበልጣል፤ ለእሱም ገንዘብ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል። የሰም ትልና የዝንብ እጭ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ትንንሽ ዓሣ በሕይወቱ ገዝቶ መንጠቆ ላይ መስቀልን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቅ

በሁለቱ ሐይቆች በዋናነት መንጠቆ ላይ የሚመጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅ ነው። ስለዚህ ትል ባየ ቁጥር ሮጦ አይውጥም። ይነካካል፣ ይጎትታል፣ ጫፉን ቆርጦ ይሄዳል። አፉም ትንሽ ነው። ለእሱ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ) እና መንጠቆዋን ብቻ የምትሸፍን የትል ቁራጭ ይበቃል። ትል ሙሉውን አንጠልጥሎ ቆሮሶ መጠበቅ ዓሣውን መመገብ ነው እንጂ ማጥመድ አይደለም። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ የምትጠብቅ እናት ቆሮሶ ደግሞ በዚያ ሰሞን እምብዛም ስለማትበላ የትኛውም ማባበያ አይስባትም።

አምባዛ ሌላ ነው። ያገኘውን ይበላል፤ በማታ ይንቀሳቀሳል፤ ምግቡንም ከዓይኑ ይልቅ በሽታና በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞቹ ይፈልጋል። ለእሱ የሚሰቀለው ነገር ትልቅ፣ ሽታው የሚሰማና ከመንጠቆው በቀላሉ የማይወልቅ መሆን አለበት። ካርፕ ደግሞ ጭቃውን በአፉ እየፈተሸ ከሥር የሚበላ ስለሆነ ማባበያው ክሩ ላይ ለክብደት ከሚታሰረው እርሳስ ጋር ወርዶ መሬት ላይ መተኛት አለበት።

ቀይ ትልና የመሬት ትል

ቀይ ትል የምንለው ለትል ኮምፖስት የሚረባውን ነው። ትውልዱ አውሮፓ ሲሆን ወደ እኛ አገር የመጣው ለማዳበሪያ ሥራ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገኘው ቨርሚኮምፖስት (የትል ኮምፖስት) ከሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ነው። የመሬት ትል ደግሞ ከጓሮ፣ ከጎመን መደብ ሥር፣ ከበረት ጀርባ ካለው እርጥብ አፈር ተቆፍሮ የሚወጣው ነው።

መንጠቆ ላይ ሲሰቀሉ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል። ቀይ ትል ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይገላበጣል፤ ዓሣን የሚጠራው ይህ እንቅስቃሴው ነው። ቀጭን ስለሆነ ግን ትንንሽ ዓሦች በቀላሉ ይመነጭቁታል። ሲወጋ የሚያወጣው ቢጫ ፈሳሽም መጥፎ ሽታ አለው፤ አንዳንድ ዓሣ አፉ ካስገባው በኋላ የሚተፋው ለዚህ ይመስለኛል። የመሬት ትል ሰውነቱ ወፍራምና ጠንካራ ነው። በትልቅ መንጠቆ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ቢሰቀል አምባዛ እስኪመጣ ይቆያል። ሁለት ሦስቱን በአንድ መንጠቆ ላይ ማድረግ ደግሞ ለማታ ማጥመድ ከማውቀው ሁሉ የተሻለው ነው።

እንግዲህ መንጠቆው ላይ የመሬት ትል ካሸነፈ ለምን ቀይ ትል ግዙ እላለሁ? በወቅትና በዕድሜ ምክንያት ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግና ክረምት። አፈሩ በራሰበት ጊዜ የመሬት ትል በአንድ አካፋ ይወጣል፤ ያኔ ትል ለመግዛት ብር ማውጣት ብክነት ነው። በጋ ሲገባ ግን ትሉ ወደ ጥልቁ ወርዶ ይጠቀለላል፤ ግማሽ ቀን ቆፍራችሁ አንድም ላታገኙ ትችላላችሁ። በልጉ ሲቀር ደግሞ ይህ ችግር ዐቢይ ጾም ድረስ ይዘልቃል፤ ዓሣ በእጅጉ የሚፈለገው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው። የተቆፈረ የመሬት ትል ዕቃ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፤ ቀዝቃዛና ጥልቅ አፈር የለመደ ፍጥረት ስለሆነ ሙቀትና መጨናነቅ አይችልም። ቀይ ትል ግን ተጨናንቆ መኖር ተፈጥሮው ነው። በሁለት ሦስት ወር ለመራባት ይደርሳል። በደንብ ከያዛችሁት አንድ ጊዜ የገዛችሁት ለዓመታት ይበቃችኋል።

ከየት እንደምትቆፍሩም አስቡ። ቦርከና የሁለቱን ከተሞች ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው። የመሬት ትል እንደ ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ከአፈር እየወሰደ በሰውነቱ ያጠራቅማል። ማባበያው ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ዓሣው ማዕዳችሁ ላይ የሚቀርብ ከሆነ ከወንዙ ዳር መቆፈር ለእኔ አይታሰብም። ቀዩን ትል ስትገዙም ምን እየበላ እንዳደገ ሻጩን ጠይቁ።

ደሴ ቤቱ፣ ኮምቦልቻ ቤቱ

ስለ አያያዝ የሚሰጥ ምክር ለሁለቱ ከተሞች አንድ ሊሆን አይችልም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ቀኗ ይሞቃል። ቀይ ትል የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ደሴ ውስጥ ከቤት ጥግ፣ ነፋስ ከማይመታው ቦታ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ መብላትና መራባት ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በፕላስቲክ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል፤ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ትሉ ማለቅ ይጀምራል። ለኮምቦልቻ ሰው አሮጌ እንስራ ወይም ማሰሮ ይሻላል። ሸክላው ውሃ ስለሚያሰርግ ላዩ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ አፉን በረጠበ ጆንያ መሸፈን ነው።

ምግቡ የበሰበሰ ፍግ፣ የተጠለለ ሻይ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ ነው። ትኩስ ፍግ እየበሰበሰ ስለሚግል ትሉን ይገድለዋል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ጨውና በርበሬ የነካው የወጥ ትራፊም አይሆንም።

የዝንብ እጭ

ይህ ለቆሮሶ ጥሩ ነው። መጠኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አፉን ይመጥናል፤ ሲሰቀልም ከወፍራሙ ጫፍ ቆዳውን ብቻ ነካ አድርጎ መውጋት ነው፤ መሃሉን የተወጋ እጭ ፈሳሹ ወጥቶ ባዶ ቆዳ ይሆናል። ችግሩ ዕድሜው ነው። በሙቀት ውስጥ በጥቂት ቀን ወደ ሙሽሬነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ፍሪጅ ውስጥ በሰጋቱራ ወይም በፉርሽካ ቢቀመጥ ለውጡ ይዘገያል፤ ግን ምግብ ከሚቀመጥበት ፍሪጅ ጋር የሚያስማማ ባለቤት ብዙ የለም፤ ትክክልም አይመስለኝም። ለዶሮ መኖ የሚረባው የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ የተሻለ ነው፤ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ መንጠቆ ላይ ይቆያል። ዶሮ አርቢ ወዳጅ ያላችሁ ከእሱ ጠይቁ። ሥጋ አበስብሶ በራስ ማራባትን ግን ጎረቤትም ጤናም አይፈቅደውም።

የሰም ትልና የበረዶው ምክር

ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣው ምክር ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ቆመው፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው ዓሣ ሲያወጡ በቪዲዮ እናያለን። ለመራመድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ በረዶ ይፈልጋሉ። በእንዲህ ያለው ማጥመድ የሰም ትልና የዝንብ እጭ ከሁሉ ይወደዳሉ፤ ለትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ደግሞ ሕያው ትንንሽ ዓሣ ይሰቅላሉ።

ለእነሱ ምርጫው ትክክል ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ስለሆነ ከበረዶው ሥር ያለው የታችኛው ውሃ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የዓሣ ሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ስለሚወርድ እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ ትልቅ ምግብ አያሳድድም፤ ትንሽና ስብ ያለው ጉርሻ ይመርጣል። ረጅም የመሬት ትል በዚያ ቅዝቃዜ ደርቆ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቆራርጠው በትንሹ ይሰቅሉታል። የእኛ ሐይቆች ግን በረዶ አይሠሩም፤ ዓሣው ዓመቱን ሙሉ ንቁ ነው፤ ለስላሳዋን የሰም ትል ትንንሾቹ ዓሦች ትልቁ ሳይደርስ ይጨርሷታል።

ይህ ማለት የሰም ትል ለእኛ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ንብ የሚያነብ የወሎ ገበሬ በደንብ ያውቃታል፤ የተዳከመ ቀፎ ውስጥ ገብታ ሰፈፉን እየበሳች ድር የምታደራው ናት። ከአሮጌ ሰፈፍ ላይ ስትለቀም ነጭና ወፍራም ናት፤ ርዝመቷ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ውሃው ጸጥ ባለበት ማለዳ ቆሮሶ ላይ ትሠራለች። ለማስቀመጥ የሚስማማት ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ፍሪጅ ይገድላታል፤ የደሴ ቀዝቃዛ ክፍል ግን ልክ ነው። ነገር ግን ቀፎ ያለው ሰው በሕይወቷ ወደ ጓሮው እንዳያመጣት አደራ እላለሁ፤ አድጋ የእሳት እራት ትሆንና እንቁላሏን ቀፎው ላይ ትጥላለች። ለዚህ ማባበያ ሲባል አንድ ቀፎ ንብ ማጣት አያዋጣም።

ፌንጣ ገበያ የለውም፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ ማለዳ ብርድ አደንዝዞት ሳለ መልቀም ነው። ነፍስ የሆነ ማባበያ ነው።

ሕያው ዓሣ ለምን አይገዛም?

ቆሮሶ የሐይቅ ሐይቅ ጥንተ ነዋሪ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ሆን ተብሎ የተጨመረው። ዛሬ ብዙ አስጋሪ የሚተዳደርበት ዓሣ ሆኗል፤ ጥቅሙ አይካድም። ያም ሆኖ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ የሐይቁ ውሃ ጥራቱ እንደቀነሰ ጽፈዋል፤ ከሚጠቅሱት ምክንያት አንዱ አረንጓዴውን ዕፅ እየበሉ ውሃውን ያጠሩ የነበሩ ጥቃቅን እንስሳት በዓሣው መበላታቸው ነው። ታስቦበት የተጨመረ አንድ ዓሣ ይህን ካመጣ፣ ከሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ በጀሪካን የመጣ፣ ማታ ላይ የተረፈው ውሃ ውስጥ የተደፋ ዓሣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቡት። በሽታም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ማንም ርካሽ ነው ብሎ ቢያቀርብላችሁ እንቢ በሉ።

ለትሉም ቢሆን ይኸው ነው። በሰሜን አሜሪካ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በግግር በረዶ በተሸፈኑት ደኖች የመሬት ትል አልነበረም፤ አጥማጆች የሚደፉት የተረፈ ትል ደኑ መሬት ላይ ያለውን የቅጠል ንጣፍ እየበላ ዛሬ ችግር ሆኗል። የተረፋችሁን ቀይ ትል ወደ ቤት መልሱት።

ስትገዙ

ትሉን ንኩት፤ ወዲያው ካልተንቀሳቀሰ ተዉት። አፈሩ የአፈር ሽታ ይኑረው፤ የከረፋ ከሆነ ውስጡ የሞተ አለ። በኪሎ የሚሸጥላችሁ ሰው አፈሩን አብሮ እንዳይመዝን ተነጋገሩ፤ ግን ጥቂት የኖረበትን አፈር አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ አዲስ ቦታ ሲገባ እንዳይሸሽ ይረዳል። መንጠቆ ላይ የሚበረታው ትልቁ ነው፤ ቤት ወስዳችሁ ለማርባት ግን ትልቅና ትንሹ የተቀላቀለ ይሻላል።

ለጀማሪ ቤተሰብ፣ ልጆች ይዞ ቅዳሜ ሐይቅ ለሚወርድ፣ አንድ እፍኝ ቀይ ትልና ትንንሽ መንጠቆ በቂ ነው። አመሻሽቶ አምባዛ ለሚጠብቅ በክረምትና በበልግ የተቆፈረ የመሬት ትል፣ በበጋ ደግሞ አራት አምስት ቀይ ትል በአንድ መንጠቆ ላይ ተሰክቶ። ኮምቦልቻ የሚኖርና እንስራ የሌለው ሰው ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ብቻ በዋዜማው ይግዛ፤ ዋጋው በጥቂቱ ቢወደድም ቤት ወስዶ ከመግደል ይረክሳል።