«ሾር ኤ 50» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የኤስኢቢኤስ ጎማዎች ግምገማ

ሁለት ከረጢት ጥሬ ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ በሁለቱም ላይ «ኤስኢቢኤስ፣ ሾር ኤ 50» ተጽፏል። በጣት ሲጫኗቸው አይለያዩም። ልዩነታቸው የሚታየው ሲቆዩ ነው። ከአንዱ የተሠራው የክዳን ጓርኒሲዮን ጥቂት ወራት ተጨምቆ ከቆየ በኋላ ተጠፍጥፎ ይቀራል፣ ገጹም ዘይት ያወዛል። ሌላው ግን ክዳኑ ሲከፈት ተንፍሶ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የሾር መለኪያ የሚነግረን መርፌው ለጥቂት ሰከንድ ሲጫን ጎማው ምን ያህል እንደሚገፋው ብቻ ነው። ውስጡ ስንት ዘይት፣ ስንት ኖራ፣ ምን ዓይነት ፖሊመር (የጎማው ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ እዚህ ጎማዎቹን የምንመዝናቸው በድርሰታቸው፣ ማለትም ከምንና በምን መጠን እንደተቀየጡ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ራሱ። የኤስኢቢኤስ ሰንሰለት ሦስት ክፍል አለው፦ ሁለቱ ጫፎች ደረቅ ፖሊስታይሪን፣ መሐሉ ለስላሳ ጎማ። ጫፎቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ደረቅ ቋጠሮዎች ይሠራሉ፤ ለስላሳውን መሐል እንደ ችካል ወጥረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ቋጠሮዎቹ መላላት ይጀምራሉ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠብቃሉ። እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚቀረጸው፣ እንደ ጎማ የሚለጠጠው በዚህ ምክንያት ነው። የመሐሉ ጎማ ደግሞ እስከ 50 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይደርቅም።

እናቱ ኤስቢኤስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሼል ክራተን በሚል ስም ለገበያ ያቀረባት ይህች ጎማ መሐሏ ፖሊቡታዳይን ነው፤ በየሰንሰለቱ ላይ ድርብ ቦንድ ሞልቷል። ኦዞን፣ ፀሐይና የማሽን ሙቀት የሚያጠቁት ያንኑ ድርብ ቦንድ ነው። ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ቦንዱ ይዘጋል፣ መሐሉም ወደ ኤቲሊን-ቡቲሊን ይለወጣል፤ የስታይሪኑ ቀለበት ግን እንዳለ ይተዋል። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ቡታዳይኑ ሲያያዝ በሙሉ በቀጥታ መስመር ቢሆን ኖሮ፣ ሃይድሮጅን ሲገባበት የሚገኘው ጎማ ሳይሆን ደረቅ ፖሊኤቲሊን ነበር። ስለዚህ አምራቾቹ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ወደ ጎን ቅርንጫፍ እያወጣ እንዲያያዝ ያደርጋሉ፤ ቅርንጫፎቹ ሰንሰለቱ እንዳይደራረብና እንዳይጠጥር ያግዱታል። በቡታዳይን ፈንታ አይሶፕሪን ሲገባ ኤስኢፒኤስ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኤስኢኢፒኤስ ይባላል።

ከክራተን ጂ ቤተሰብ (ሃይድሮጅን ከተጨመረበት የክራተን ወገን) በየወርክሾፑ የሚገኙትን ግሬዶች አንድ በአንድ እንይ። ጂ1652 ስታይሪኑ 30 በመቶ ነው፣ ሰንሰለቱ አጭር፣ ብቻውንም ይቀልጣል። ግድግዳው ስስ ለሆነ ዕቃ፣ ለረጅም የሞልድ መንገድ፣ ፒፒን (ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክን) ለማለስለስ ጥሩ ነው። ለጓርኒሲዮን ግን አይመከርም፤ አጭር ሰንሰለት ብዙ ዘይት መሸከም አይችልም፣ ሲሞቅም ቶሎ ይንሸራተታል። ጂ1650 ስታይሪኑ ያው 30 ሆኖ ሰንሰለቱ ይረዝማል። መካከለኛ ነው፤ ለእጀታ፣ ለመጫወቻና ለጫማ ክፍል ይበቃል።

ጂ1651 ሌላ ዓለም ነው። ስታይሪኑ ወደ 33 በመቶ ይጠጋል፣ ሰንሰለቱ ግን በጣም ረጅም ነው። ብቻውን ማሽን ውስጥ ቢጨመር አይፈስም፤ በቅልጥ ፍሰት መለኪያ ላይ ቁጥር አይሰጥም ማለት ይቻላል። የሚፈሰው ዘይት ሲጠጣ ነው። ነገር ግን የክብደቱን እጥፍ ዘይት ተሸክሞ እንኳ ጎማነቱን አይለቅም። ተጨምቆ የሚኖር ዕቃ ለሚሠራ ሰው እዚህ ከምናያቸው የቤተሰቡ ግሬዶች ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም፤ የማደባለቁ ድካም ዋጋ አለው። የኩራሬ ሴፕተን 4055 ከኤስኢኢፒኤስ ወገን የዚሁ ተወዳዳሪ ነው፤ ዘይት በመያዝ በኩል ጠንካራ ስለሆነ በጣም ለስላሳ ጄል ለሚፈልግ መጀመሪያ እሱን መሞከር ይሻላል።

ጂ1657 ስታይሪኑ 13 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ 30 በመቶ ያህሉ ሰንሰለት አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ነው። አንድ ጫፍ ያለው ሰንሰለት ከአንዱ ቋጠሮ ተነስቶ ሌላው ጋ አይደርስም፣ ድር አይሠራም፤ ስለዚህ ለስላሳና ተለጣፊ ይሆናል። ለሚለጠጥ ስስ ፊልም፣ ለማጣበቂያና ለግልጽ ቅይጥ ድንቅ ነው። በተረፈ ሸክም ላይ አታስቀምጡት። ኤፍጂ1901 ደግሞ ከ1.4 እስከ 2 በመቶ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተለጠፈበት ነው። ይህ እንደ ቅመም እንጂ እንደ ዋና ምግብ አይታይ፤ ናይሎን ላይ ጎማ ለማጣበቅ ወይም ናይሎኑ በምት እንዳይሰበር ለማድረግ ከቅይጡ ጥቂት እጅ ይጨመራል።

አሁን ወደ ዘይቱ፤ ጥፋቱ የሚበዛው እዚህ ነው። የሚያስፈልገው ነጭ ፓራፊኒክ ዘይት ብቻ ነው። አሮማቲክ ዘይት ርካሽ ነው፣ በመጀመሪያው ቀንም ጎማውን ደስ የሚል ልስላሴ ይሰጠዋል። ችግሩ ወደ ስታይሪኑ ቋጠሮ ገብቶ ችካሉን ማላላቱ ነው፤ ጎማው በክፍል ሙቀት እንኳ ቀስ በቀስ መንሸራተት ይጀምራል። ፓራፊኒኩ ግን መሐሉን ብቻ ይወዳል። ቀጭን ዘይት በቀላሉ ይደባለቃል፣ በቀላሉም ይተናል፤ ሙቀት ለሚያገኘው ዕቃ ወፍራሙን ምረጡ።

ለሾር ኤ 50 አካባቢ መነሻ የሚሆን ድርሰት ይህን ይመስላል፦ 100 እጅ ጂ1651፣ 120 እጅ ነጭ ዘይት፣ 40 እጅ ፒፒ፣ 50 እጅ የተፈጨ ካልሲየም ካርቦኔት (እዚህ ኖራ የምንለው)፣ ግማሽ እጅ አንቲኦክሲዳንት። ሁሉም በክብደት ነው። ከዚህ በኋላ ጥንካሬውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ሁለቱ ቁልፎች ፒፒውና ዘይቱ ናቸው፤ ፒፒ ሲጨመር ይጠነክራል፣ ፍሰቱም ይሻላል፣ ግን ተጨምቆ የመመለስ ኃይሉ ይቀንሳል። ኖራ ጥራቱን አያሻሽልም። ዋጋ ይቀንሳል፣ ድንዝዝ ያለ ገጽ ይሰጣል፣ ክብደት ይጨምራል። 200 እጅ ኖራ የገባበት ሾር ኤ 50 ሲጎተት ቶሎ ይቀደዳል፣ ሲታጠፍም መታጠፊያው ላይ ይነጣል። በኪሎ ርካሽ የሆነው ከረጢት በፍሬ ሲቆጠር የሚወደደውም ለዚህ ነው፦ ንጹሑ ቅይጥ በሊትር 0.9 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ በኖራ የታጨቀው 1.2 ሊደርስ ይችላል፤ ከአንድ ኪሎ የሚወጣው ዕቃ ቁጥር በሩብ ይቀንሳል።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት ድርሰቱን ከማዛባት አይተናነስም። የፖሊመሩ ፍርፋሪ ብቻውን ማደባለቂያው ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ በቀጭኑ እየፈሰሰ በዝቅተኛ ፍጥነት ይዞራል። ከዚያ ይቀመጥ። ፍርፋሪው በእጅ ሲጨበጥ እርጥበቱ እስኪጠፋና እንደ አሸዋ እስኪበተን ድረስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ሌሊቱን ማሳደር ጥሩ ልማድ ነው። ፒፒው፣ ኖራውና አንቲኦክሲዳንቱ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ኖራው ቀድሞ ከገባ ዘይቱን ይሻማል፣ እብጠት እብጠት ይሠራል፣ በደንብ ያልጠጣው ፍርፋሪም ቀልጦ ሳያልቅ ይወጣል። በተጠናቀቀው ዕቃ ላይ እንደ ሽፍታ የሚታዩት ጥቃቅን ጉብታዎች አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው ይኸው ነው። ሙቀት በመጨመር አይጠፉም። ድብልቁ ባለ ሁለት ስክሩ ኤክስትሩደር (እያቀለጠና እያደባለቀ የሚገፋ ማሽን) ውስጥ ከ180 ጀምሮ እስከ 220 ዲግሪ ይነዳል፤ ስክሩው ርዝመቱ የስፋቱን 40 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ጫፉ አካባቢም አየር መሳቢያ ይኑረው። ከሾር ኤ 30 በታች የሆነ ቅይጥ እንደ ገመድ ስቦ መቁረጥ አይቻልም። በውሃ ውስጥ መቆረጥ አለበት፣ ፍሬዎቹም እንዳይጣበቁ ዱቄት ይነሰነስባቸዋል።

በኢንጀክሽን ማሽን ላይ ጎማው ገር ነው። ሲሊንደሩ ከ180 እስከ 220፣ ሞልዱ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ፣ የመርጨት ፍጥነቱ ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ። ቀስ ብሎ መርጨት ስህተት ነው፤ ቅልጡ የሚቀጥነው ሲገፋ እንጂ ሲሞቅ ብቻ አይደለም። ዕቃው ከሞልዱ አልላቀቅ ሲል ብዙዎች ገጹን ይበልጥ ይወለውሉታል። ነገሩን ያብሳል፤ ለስላሳ ጎማ ከመስታወት ገጽ ጋር ይጣበቃል፣ በአሸዋ የሻከረ ሞልድ ግን በቀላሉ ይለቀዋል። ከመግቢያው አካባቢ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ከተላጠ ቅልጡ ወይ ቀዝቅዟል ወይ ከሌላ ፕላስቲክ ቅሪት ጋር ተቀላቅሏል፤ በተለይ ፒቪሲ ከነበረበት ማሽን ሲዛወር ሲሊንደሩ በደንብ ይጽዳ።

በሌላ ፕላስቲክ ላይ ለመደረብ ፒፒ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያለ ምንም ማጣበቂያ ይያዛል። በፖሊካርቦኔት፣ በኤቢኤስና በናይሎን ላይ ግን ተራው ቅይጥ በጥፍር ይላጣል። ለእነዚህ ለየብቻ የተዘጋጀ ግሬድ ያስፈልጋል። ናይሎኑ ካልደረቀ ደግሞ የተዘጋጀውም አይጠቅምም፣ ከመሐል የሚወጣው እንፋሎት ገጹን ያራርቀዋል። የጎማው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሙቀቱ ገጹን ሳያቀልጥ ይበርዳልና ማጣበቁ ይደክማል።

ድክመቱን እንናገር። 70 ዲግሪ ላይ ጥሩ ቅይጥ በደንብ ይሠራል፣ 100 ላይ አይታመንም። ችካሎቹ የሚላሉት እዚያ ነውና ማንኛውም ዘይት ወይም ኖራ አያድነውም። አንድ እውነተኛ መፍትሔ አለ፦ ፖሊፌኒሊን ኤተር ከስታይሪኑ ጋር ፈጽሞ ስለሚዋሐድ ወደ ቋጠሮው ገብቶ የሚላላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ዋጋውም ይወደዳል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቤንዚንና ቶሉዊን ጎማውን ያሟሙታል፣ ዘይትና ቅባት ያሳብጡታል፤ ለነዳጅ ቱቦ ወይም ለሞተር ክፍል ማሰብ አይገባም። ለምድጃ ዕቃ ሲሊኮን፣ መፋቅንና መቀደድን ለመቋቋም ደግሞ ቲፒዩ (የፖሊዩሬቴን ጎማ) ይበልጡታል። ውሃ፣ ቀላል አሲድ፣ ሳሙና፣ አልኮልና ፀሐይ (ለፀሐዩ ተገቢው መከላከያ ከተጨመረ) ላይ ግን በዚህ ዋጋ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ከረጢቱን ከመግዛት በፊት በናሙና የሚሠሩ አራት ፈተናዎች ይበቃሉ። ቁራጩን ውሃ ላይ ጣሉት፤ ከሰመጠ ኖራ አለበት ወይም ኤስኢቢኤስ አይደለም። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግሉና ናሙናውን ነክታችሁ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡ፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ምናልባትም ፒቪሲ ነው። ናሙናውን በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ክብደት ጭናችሁበት 70 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት አቆዩት፤ ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ከታየ ዘይቱ ከፖሊመሩ አቅም በላይ ነው።

አራተኛው ወሳኙ ነው። ቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ በሁለት ብረት ሰሌዳዎች መሐል፣ 9 ሚሊ ሜትር ማስቆሚያ አድርጋችሁ ጨምቁት። በ70 ዲግሪ ለ22 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ፈትታችሁ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩት። ከ12 ላይ የተገኘው ቁመት ተቀንሶ ለ3 ሲካፈል፣ የማይመለሰውን ድርሻ ይሰጣል። 11.1 ከተገኘ 30 በመቶ ነው፤ ለጓርኒሲዮን በጣም ጥሩ። 10.5 ከሆነ 50 በመቶ፤ ለእጀታ ይሆናል፣ ለማሸጊያ አይሆንም። ከ10 በታች የወረደውን ከረጢት ሻጩ ምንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ተጨምቆ ለሚኖር ዕቃ አትግዙት። ሲፈተሽ ሙቀቱ 70 መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዳንድ የመረጃ ወረቀት ላይ የሚታየው ማራኪ ቁጥር የተለካው በ23 ዲግሪ ነው።