የግማሽ ቀን የባሕር መንገድ፦ የቱሲዲደስ የጦርነት ታሪክ ዳሰሳ

አቴናዊው የጦር አዛዥ ቱሲዲደስ በጥንቶቹ የግሪክ ከተሞች በአቴናና በስፓርታ መካከል ስለተካሄደው የፔሎፖኔዝ ጦርነት የጻፈውን ታሪክ፣ ስምንቱም መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ታትመው አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ደጋግሜ የተመለስኩት ግን ወደ አራተኛው መጽሐፍ፣ ያውም ደራሲው የራሱን ሽንፈት ወደሚተርክባቸው ጥቂት ገጾች ነው።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ424 ክረምት ነው። የስፓርታው አዛዥ ብራሲዳስ በረዶ ባዘለ ውሽንፍር ሌሊቱን ገስግሶ የስትሪሞንን ወንዝ ድልድይ ያዘና በአቴና ሥር የነበረችው ከተማ አምፊፖሊስ ደጃፍ ደረሰ። ቱሲዲደስ በዚያን ሰዓት የነበረው ከከተማዋ የግማሽ ቀን የባሕር ጉዞ በሚያስኬደው በታሶስ ደሴት ነበር፤ የድረሱልን መልእክት እንደ ደረሰውም በቅርብ የተገኙትን ሰባት መርከቦች ይዞ ወዲያው ተነሣ። ብራሲዳስ በበኩሉ ቱሲዲደስ በዚያ አካባቢ የወርቅ ማዕድን የማውጣት መብትና በዚያው አገር ታላላቅ ሰዎች ዘንድ ተሰሚነት እንዳለው ሰምቶ ስለነበር፣ እርሱ ሳይደርስበት ለነዋሪዎቹ ለስላሳ ውል አቀረበላቸው፦ መቆየት የፈለገ ንብረቱንና መብቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ያልፈለገም በአምስት ቀን ውስጥ ሀብቱን ይዞ ይወጣል። እነርሱም ተቀበሉ። ቱሲዲደስ በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ በወንዙ አፍ ወደምትገኘው ኤዮን ሲገባ አምፊፖሊስ ከእጅ ወጥታ ነበር፤ ያዳነው ኤዮንን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚነግረን ራሱን እንደ ሌላ ሰው በስሙ እየጠራ፣ ሳያማርርና ሳያመካኝ ነው። በዚሁ ሽንፈት የተነሣ የደረሰበትን የ20 ዓመት ስደት እንኳ የሚያነሳው በአምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ ያም ስደቱ የሁለቱንም ወገን፣ በተለይም የፔሎፖኔዞቹን፣ ማለትም የስፓርታንና የአጋሮቿን፣ ሁኔታ ረጋ ብሎ ለመከታተል እንደረዳው ለማስረዳት ነው። በመጽሐፉ ላይ እምነት ያሳደረብኝ ይህ ጨዋነቱ ነው። ሆኖም ብራሲዳስ በአቅራቢያው እያለ እርሱ ለምን በኤዮን ሳይሆን በታሶስ እንደነበረ አንድም ቃል አለመናገሩን ልለፈው አልቻልኩም፤ አንድ አዛዥ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

አቴና በሲሲሊ ደሴት ላይ ባካሄደችው ዘመቻ የተማረኩት አቴናውያንና አጋሮቻቸው በደሴቲቱ ከተማ በሲራኩስ የድንጋይ ካባ ውስጥ የታጎሩበት ክፍል ልብ ይሰብራል። ከ7,000 የማያንሱ ሰዎች ነበሩ፤ ለስምንት ወራት ለእያንዳንዱ በቀን የሚሰፈርለትም ሩብ ሊትር ያህል ውሃና ግማሽ ሊትር ያህል እህል ነበር። የስንቅን ነገር የሚያውቅ ወታደር ብቻ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ይመዘግባል።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የመሪዎችና የአዛዦች ንግግሮች ግን ከባድ ናቸው፤ ቃል በቃል ማስታወስ ስላልተቻለ ለሁኔታው የሚስማማውን እንዳስገባ ራሱ ገልጿል፤ አንባቢም ይህን ይዞ ቢያነባቸው ይሻላል። የኅትመቱ ጉድለት ካርታው ነው፦ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ብቻ ያለ ሲሆን፣ ታሶስና ኤዮን አልተመለከቱበትም። እኔ ርቀቱን ለመረዳት ሌላ ካርታ ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው ያነበብኩት፤ ለመግዛት የሚያስብም በየመጽሐፉ ካርታ ያለውን እትም እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ጦርነቱ ያበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ቢሆንም ትረካው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 ላይ እንደሚቋረጥም አስቀድሞ ይወቅ።